መኪናው ቀርቶ ነጂው ሲሻገር

ከዘመዶቻችን አንዱ ባሕር ማዶ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ በየቤቱ የሚደረገውን ዝግጅት እርስዎም ያውቁታል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፤ ሻንጣው ሚዛን ላይ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜም ይወርዳል። ፓስፖርቱና ቪዛው፣ የልደቱና የጋብቻው ምስክር ወረቀት በአንድ ኤንቨሎፕ ተደርጎ በእናት እጅ ይጠበቃል። የመንጃ ፈቃዱ ግን እንደ ወትሮው በኪስ ቦርሳ ውስጥ ተሰክቶ ይሄዳል እንጂ ማንም ስለ እርሱ አሳብ አይገባውም። የኢንሹራንሱ ወረቀትማ ጨርሶ አይታወስም፤ መኪናው እዚሁ የሚቀር ነውና!

ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣ ያሰብሁት ነገር ይኸው ነው። ሰው ከሀገር ወደ ሀገር ሲሻገር ሃይማኖቱን፣ ትምህርቱንና ሙያውን ይዞ ይሻገራል፤ ጥሩ ነጂ የመባል ስሙ ግን አብሮት አይሻገርም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳይገጭ የነዳ አባወራ ከአውሮፕላን በወረደ ጊዜ ትናንት መሪ እንደ ጨበጠ ጎረምሳ ይቆጠራል። ይህንን ስም ሊያሻግር የሚችል ነገር ቢኖር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚገኘው እዚህ ነው፤ ለማግኘትም የሚቀለው ከመሄድ በፊት ነው።

ነገሩን ከራሴ ዘመድ ልጀምር። የአክስቴ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በመስከረም 1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሁሉ በአዲስ አበባ መንገድ ሲመላለስ ከኢንሹራንስ ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ካሣ ጠይቆ አያውቅም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከነቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ በሚስቱ ወንድም ቤት ዐረፈ። የሚስቱ ወንድም ደግ ሰው ነውና በአራተኛው ቀን የመኪናውን ቁልፍ አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ የቆዩ ነጂ ነዎት፤ እኔ ሥራ ስውል እርስዎ ይገልገሉበት» አለው።

ስድስት ሳምንት በሰላም ነዳ። በሰባተኛው ሳምንት ከአንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ሲወጣ የሌላ ሰው መኪና በር አጎበጠ። ሰው አልተጎዳም፤ ሁለቱም ነጂዎች በጨዋ ደንብ ስምና አድራሻ ተለዋውጠው ተለያዩ። ጣጣው የመጣው የኢንሹራንስ ኩባንያው ስልክ በደወለ ጊዜ ነው።

«ይነዳ የነበረው ማን ነው?»

«የእኅቴ ባል ነው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ከእኛው ጋር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እዚህ ላይ ዝም ተባለ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው በቤቱ የሚኖሩትን፣ ለመንዳት ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎችን ሁሉ እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል። ለአንድ ቀን ጉዳይ መኪና የተዋሰ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ ውል ይሸፈናል፤ ከቤቱ ውስጥ የሚያድር፣ ቁልፉም በእጁ የሚውል ሰው ግን እንግዳ አይባልም። ይህ ሳይነገር አደጋ ከደረሰ ኩባንያው ክርክር ያነሣል። በእኛ ዘመድ ጉዳይ የበሩ ዋጋ ተከፍሏል፤ ነገር ግን ያለፈው ጊዜ ልዩነት ተጠየቀ፣ የሚመጣውም ክፍያ ከፍ አለ። የሚስቱ ወንድም ቅር አለው፣ የአክስቴ ልጅም ዐፈረ፤ በአንድ ቤት እየኖሩ ገናን በየፊናቸው ዋሉ። አንድ የስልክ ጥሪ ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እኔ እንደምገምተው የዚህ ሁሉ ምንጭ ቀድሞ የሄደ ዘመድ የሚሰጠው ምክር ነው። ምክሩ በፍቅር የሚሰጥ ነው፤ ግን ያረጀ ነው። «እኔ ስመጣ እንዲህ ነበር» ይባላል። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ቀድሞ 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ያ ገንዘብ ለመንዳት መብት ነበር እንጂ ለተጎዳ ሰው የሚከፈል አልነበረም፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ኢንሹራንስ ይቆጥረው ነበር። ይህ መንገድ ከጁላይ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተዘግቷል። ዛሬም በየቡና ቤቱ ይህን የሚመክር ሰው ቢያገኙ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቡናውን ይጠጡለት፣ ምክሩን ግን ይተዉለት።

በዋሽንግተን አካባቢ ላይ ያተኮርሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የሚሄደው ሰው ብዙው የሚያርፈው በዚያ ነው። እዚያም ሦስት አስተዳደሮች ጎን ለጎን አሉ፤ ዋና ከተማይቱ ራሷ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር ደንቡ ይለወጣል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ የግዛቱን መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆኑበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ሥራ ካገኙበት ወይም መኪና ከገዙበት ቀን አይደለም። የኢትዮጵያ ፈቃድ በቀጥታ ከሚለወጡት ሀገሮች ፈቃድ ውስጥ ስላልሆነ የጽሑፍም የመንገድም ፈተና ይጠብቅዎታል። የጽሑፉን ፈተና በቨርጂኒያና በዋና ከተማይቱ በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ዋና ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ይህ ለእኛ ትንሽ ኩራት አይደለም!

ፈተናውን ግን አይናቁት። በቨርጂኒያ አስቀድሞ 10 የመንገድ ምልክቶች ይቀርባሉ፤ አሥሩንም ካልመለሱ ወደሚቀጥለው ክፍል አይታለፍም። በመንገዱ ፈተና ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው አዲሱ ነጂ ሳይሆን አሮጌው ነው። አዲሱ የተነገረውን ያደርጋል፤ አሮጌው የለመደውን። «ቁም» የሚለው ሰሌዳ ያለበት ቦታ መንገዱ ጭር ቢልም እንኳ ጎማው ጨርሶ መቆም አለበት፤ ቀስ ብሎ ማለፍ መቆም አይባልም። የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ከቆመ፣ መንገዱን ለሁለት የሚከፍል ደሴት ከሌለ በቀር፣ ከፊት የሚመጣውም ከኋላ የሚከተለውም ይቆማል። በመስቀለኛ መንገድ በጡሩምባና በዓይን ጥቅሻ መስማማት የለመደ ሰው አራቱም ወገን በየተራ የሚያልፍበትን ሥርዓት ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፤ ኋላ ይወደዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቨርጂኒያ አንድ መኪና ሊኖረው የሚገባው አነስተኛ የኃላፊነት ኢንሹራንስ በሦስት ቁጥር ይነገራል፤ 50፣ 100 እና 25። ይኸውም ለአንድ የተጎዳ ሰው እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላው እስከ 100 ሺህ፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 25 ሺህ ማለት ነው። በሜሪላንድ ቁጥሩ 30፣ 60 እና 15 ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ እርስዎ ለጎዱት ሰው የሚከፈል ነው። የራስዎ መኪና ቢሰበር በዚህ አይጠገንም፤ ለዚያ ሌላ ውል ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሐኪም ቤት ወጪ ምን ያህል እንደሆነ የሰማ ሰው 50 ሺህ ዶላር እንደማያስተማምን ይገባዋል። ካሣው ከውሉ በላይ ከሆነ ቀሪው የሚጠየቀው ከነጂው ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት አቅም ከፈቀደ ከሕጉ አነስተኛ ልክ ከፍ ያለ ውል መግባት ይሻላል፤ ዝቅተኛውን ገዝቶ በቴሌቪዥን ስፋት ከመወዳደር።

የክፍያው መጠን በምን ይወሰናል ቢሉ በዕድሜ፣ በመኪናው ዓይነት፣ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በመንዳት ታሪክ፣ በአብዛኞቹም ግዛቶች ክሬዲት በሚባለው የብድር ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ የብድር ታሪክ ለዚህ ጉዳይ እንዳይቆጠር ከልክለዋል፤ ሌላው ዘንድ ግን ተበድሮ የማያውቅ ጨዋ ሰው ታሪክ እንደሌለው ይቆጠራል። መንዳቱም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በውጭ ሀገር የተነዳውን ዓመት አይቆጥሩትም። ለሃያ ዓመት ነጂና ለሃያ ዓመት ልጅ ተቀራራቢ ሒሳብ ሲቀርብ አይቻለሁ። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉምና ሦስትና አራት ቦታ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። መኪና ሳይኖርዎት የሰው መኪና አልፎ አልፎ የሚነዱ ከሆነም መኪና ለሌለው ነጂ የሚሸጥ ውል አለ፤ ይህንንም መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከወገኖቻችን ብዙዎች እንደ ደረሱ ኡበርና ሊፍት በሚባሉት ድርጅቶች በኩል ሰው በማመላለስ ኑሮ ይጀምራሉ። ለቤት መኪና የተገባ ተራ ውል አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ በገንዘብ ሲጫን አይሠራም። ድርጅቶቹ መንገደኛ በመኪናው ውስጥ ሳለ የሚሆን ትልቅ ኢንሹራንስ አላቸው፤ ጥሪ እየጠበቁ ባዶውን በሚዞሩበት ጊዜ ግን ሽፋኑ በጣም ያነሰ ነው፤ ለራስዎ መኪናም በዚያ ሰዓት የሚሆን ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ለኢንሹራንስ ኩባንያዎ ይንገሩና ለዚሁ ሥራ የሚጨመረውን ውል ይጠይቁ። ጥቂት ዶላር ለማዳን ብሎ ዝም ማለት የልጆችን ቀለብ በሜዳ ላይ አስቀምጦ እንደ መሄድ ነው።

ለመሆኑ ከመሄድ በፊት የሚያዘው ወረቀት የትኛው ነው? አንደኛው ካርዱ ራሱ ነው፤ ጊዜው ሊያልፍ ከተቃረበ አሳድሰው ይሂዱ። ሁለተኛው ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት መቼ እንደ ወጣ፣ ምን ዓይነት መኪና ለመንዳት እንደሚያበቃና እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚመሰክርበት ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚረሳው፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ደንበኛችን ነበሩ፤ በዚህም ጊዜ ይህን ያህል ካሣ ጠይቀዋል፣ ወይም ምንም አልጠየቁም ብሎ የሚጽፈው ነው። እነዚህ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው፣ ማኅተማቸው ሳይደበዝዝ፣ ከልደቱ ወረቀት ጋር በዚያው በእናት ኤንቨሎፕ ውስጥ ይግቡ።

«ኢንተርናሽናል» የሚባለው መንጃ ፈቃድስ? ይህ በእ.ኤ.አ. 1949ና 1968 በተደረጉ ስምምነቶች የተፈጠረ ደብተር ሲሆን ሥራው የሀገርን ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች መተርጎም ነው። ለብቻው መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ ዋናው ካርድ ከጎኑ ከሌለ ዋጋ የለውም። የሚሰጠውም ዋናው ፈቃድ በወጣበት ሀገር ነው። ከደረሱ በኋላ በኢንተርኔት «ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ኢንተርናሽናል» የሚሸጥልዎ ሰው ካጋጠመዎ ከዚያ ግብይት የሚጠቀመው እርሱ ብቻ ነው።

የቀን አቆጣጠራችን ነገርስ! የአክስቴ ልጅ ፈቃድ «እስከ ሐምሌ 2018 ያገለግላል» ይላል። እንደ እኛ አቆጣጠር ይህ እስከ ጁላይ 2026 ድረስ ማለት ነው። በአሌክሳንድሪያ የኢንሹራንስ ጸሐፊዋ ካርዱን ገልብጣ አይታ፣ «ይህማ ካለፈ ስድስት ዓመቱ ነው» አለችው። የወጣበትን ቀን ስታይ ደግሞ ሰባት ዓመት መረቀችለት፤ እርሱ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣውን በ1990 አደረገችው። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ በፓስፖርት ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ሲገኝ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ነው፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ሁለት ሰው ነው። አንድ ነገር ለማረም የሚቀለው ገና አዲስ አበባ ሳሉ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አንባቢዎቼ «እኛንስ?» እንዳይሉኝ ስለ ሁለት ሀገር ባጭሩ ልናገር። በእንግሊዝ አገር ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ በኢትዮጵያ ፈቃድ 12 ወር መንዳት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ የጀማሪ ፈቃድ አውጥቶ መፈተን ነው። ያለ ኢንሹራንስ የተያዘ ሰው 300 ፓውንድ ይቀጣል፣ 6 ነጥብ ይመዘገብበታል፣ መኪናውም ሊወሰድበት ይችላል። በዚያ በግራ በኩል ይነዳል። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ እንነዳ እንደነበር አባቶቻችን ያስታውሳሉ፤ ስዊድን እንኳ ወደ ቀኝ የዞረችው ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው። በጀርመን ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ነዋሪ ከሆኑ በኋላ 6 ወር ብቻ። ከ6 ወር አንድ ቀን ያለፈው ሰው ፈቃድ እንደሌለው ስለሚቆጠር ጉዳዩ ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው። የጽሑፉ ፈተናም ከጀርመንኛ ሌላ በአሥራ ሁለት ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አማርኛ ከእነርሱ ውስጥ የለም።

ሄደው ሲያበቁ እዚህ የቀረው መኪና ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው በስንብት ጥድፊያ መኪናውን በውክልና ሸጦ፣ ሊብሬው በስሙ እንዳለ ይሄዳል፤ ወይም «ወንድሜ ይንዳው» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ይሰናበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የሚለውን ልንገርዎ፤ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ነጂው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። እርስዎ በአሌክሳንድሪያ በረዶ ሲጠርጉ በስምዎ ያለው መኪና በኮተቤ መንገድ ሰው ቢገጭ ክሱ የሚፈልገው እርስዎን ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ከታዘዘ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ከተተካ ወዲህ የጉዳቱን ክፍል ይሸከማል፤ ግን አዋጁ ልክ ያበጀለት ነው፣ ውሉም ካልታደሰ የለም። ስለዚህ የሸጡ እንደሆነ ስሙ ተዛውሮ ሳያዩ አይሂዱ። የተዉት እንደሆነ ማን እንደሚነዳው ለኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቁ፣ የሚታደስበትንም ቀን ለአንድ ለታመነ ሰው ያስይዙ። ውሉን የሚያፈርሱ ከሆነ ደግሞ ላልተጠቀሙበት ጊዜ የሚመለስ ገንዘብ ካለ ይጠይቁ፤ ያንኑ ቀን የካሣ ታሪክዎን ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ሁለት ጉዳይ በአንድ መንገድ ያልቃል።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሳያደርግ ስለሄደ ወኪሉ እኔ ሆንሁ። ከገና በኋላ «እባክህ ያንን ደብዳቤ ፈልግልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ወደ ኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት በሄድሁ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ፈራሚው አልነበሩም፤ በሁለተኛው ቀን ፈራሚው ነበሩ፣ ማኅተም ያዡ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ ነበር፤ አስተርጉሜ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጎን ለጎን አስጽፌ በመንገደኛ እጅ ላክሁለት። አንዱ ኩባንያ ሊያየው እንኳ አልፈለገም። ሁለተኛው አይቶ «ደስ ይላል፣ ግን አንቆጥረውም» አለ። ሦስተኛው ተቀብሎ የተወሰነ ዓመት ቆጠረለትና ክፍያው ቀነሰ። የምልክቱን ፈተና በመጀመሪያው ቀን ከአሥሩ ዘጠኙን መልሶ ወድቋል፤ የተሳሳተው ባቡር ሐዲድ መቃረቡን የሚያመለክተውን ክብ ቢጫ ሰሌዳ ነው። በሌላ ቀን ተመልሶ ሄዶ አሥሩንም መለሰ። አሁን በሚስቱ ወንድም ውል ላይ ስሙ በሁለተኛ ተራ ተጽፏል፤ ፋሲካንም በአንድ ገበታ ቀርበው ፈሰኩ።